ቅባቱ ይለፍ፣ የሚረጨው ይቆይ

እታለም የናሙናውን ጠርሙስ ክዳን ስትከፍት መጀመሪያ የመጣባት የወንድሟ ጠረን ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን "ደስ የሚል መዓዛ አለው" ብሎ ያልፈዋል። እሷ ግን ይህን የሎሚ ቅጠልና የርጥብ ኖራ ድብልቅ የሚመስል ጠረን ሰሞኑን ወንድሟ ባቀፋት ቁጥር ከአንገቱ ሥር ስታሸተው ሰንብታለች። "ደግሞ ሽቶ ጀመርክ?" ብላው ነበር። "ምነው፣ አፈር አፈር ስሸት ኖሬ አንድ ቀን ደህና ብሸት ቅር አለሽ?" ብሎ ቀልዶ አለፋት። ለካ ሽቶ አልነበረም። ገበያ ያልወጣ፣ ገና ማንም ያልፈቀደው የፀሐይ መከላከያ ነው፤ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚባለውም ነገር እሷው ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው።

ጠርሙሱን መልሳ ከደነችውና ወንበሯን ደገፍ አለች።

እታለም የመዝገብ ስሟ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ የጠራት በዚህ ነው፤ እናቷም ጎረቤቱም እሱን ተከትለው እታለም አሏትና በዚያው ቀረ። በመሥሪያ ቤት ኬሚስቷ ይሏታል። ሥራዋ ሰው ፊቱን፣ ፀጉሩን፣ ከንፈሩን የሚቀባው ነገር ሱቅ ከመግባቱ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ መመርመር ነው። ዘመዶቿ ግን እንደ ሥራ አይቆጥሩላትም። "ሊፒስቲክ እየሞከርሽ ደሞዝ ይቆረጥልሻል አሉ" እያሉ ይስቁባታል።

ወንድሟ ደግሞ ጥጤ ነው። ሲወለድ ከራስ ፀጉሩ እስከ ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ ቢወጣ አዋላጇ የምትለው ጠፍቷት ዝም ስትል፣ እናትየው "ምነው? ጥጥ የመሰለ ልጅ ሰጥቶኝ ምን ያስደነግጣል?" አለች ይባላል። አልቢኒዝም የሚሉትን ቃል ቤተሰቡ የሰማው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የጥጤ ቆዳ ፀሐይን የሚመክትበት ቀለም የለውም። ዓይኑም ቅርብ እንጂ ሩቅ አያይለትም። ይህ ሁሉ እያለ ሥራ ይምረጥ ሲባል የመረጠው ችግኝ ማፍላት ሆነ። እናቱ "ፀሐይ ጠላቱ ሆና እሱ እሷን ፍለጋ ደጅ ይውላል" ብላ እስክትሰለች ተናገረች። እሱ ግን ቅጠል አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ሲያይ ማንም ያላየውን ተባይ ያያል፤ ከመንገድ ዳር ያለችው ችግኝ ጣቢያው ስሟ እየታወቀ ሄዳለች።

ድሮ ይቀባው የነበረው መከላከያ ወፍራም ነጭ ነገር ነው። ሲለቀለቅበት አዲስ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስላል፤ የሰፈር ልጆችም "ግድግዳው መጣ!" እያሉ ይሸሹታል። ስለዚህ ትንሽ ይቀባል፣ ወይም ቀን መርጦ ይቀባል፣ ወይም ጭራሽ ይተወዋል። አዲሱ ነገር እዚህ ላይ ነው ተአምር የሚሆነው። ያው በድሮው ውስጥ የነበረው፣ ዚንክ የሚሉት ነጭ ዱቄት ነው፤ ግን ከፀጉር ውፍረት በሺህ እጅ እስኪያንስ ድረስ ሲደቅ ነጭነቱ ከዓይን ይጠፋል፣ ፀሐይን መመከቱን ግን አይተውም። ናኖ የሚሉት ይህን ድቀት ነው።

ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ነገር ነበር፤ ሁለቱም ከአንዲት ፋርማሲስት አነስተኛ ፋብሪካ የመጡ። አንደኛው ተጨምቆ የሚወጣ ቅባት ነው። ሁለተኛው ያው ናኖ ዚንክ ያለበት፣ አናቱን ሲጫኑት የሚረጭ ጠርሙስ።

የቅባቱን ጥናት አነበበችው፤ ጥሩ ነው። ዚንኩ ከላይኛው የሞተ ቆዳ ሳያልፍ ይቀራል፣ ሲታጠቡ ይሄዳል። የሚረጨው ላይ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ጎደለባት። ስለ ቆዳ ሁሉም ተጽፏል፤ ሰው ሲረጨው አብሮ ስለሚተነፍሰው ምንም የለም። ሁለት ጊዜ አንብባ የምታልፈውን ደጋግማ አነበበችው። የጎደለው ገጽ ተጣብቆ ቀርቶ እንደሆነ ብላ ወረቀቱን ሁሉ በጣቷ ፈተገችው። የተጣበቀ የለም። አስተያየቷን ጻፈች። ቅባቱ ያልፋል፤ የሚረጨው በትንፋሽ በኩል ካልተጠና አያልፍም።

ከዚያ ተነሥታ እሷም አባል ወደሆነችበት ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቢሮ ሄደች። ሰብሳቢው ዕድሜውን በሙሉ መርዝና መድኃኒት ሲለይ የኖረ ሽማግሌ ነው። ከአፉ "ቆይ" የምትል ቃል ስለማትጠፋ ከበስተኋላው አባ ቆይ ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፣ አልከፋውም።

"ጋሼ፣ ይሄን ነገር ወንድሜ እየተጠቀመበት ነው።"

"ቆይ። የሚቀባውን ነው የሚረጨውን?"

"ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም። ጠረኑን አውቄዋለሁ።"

"ያወቅሽው ከመጻፍሽ በፊት ነው በኋላ?"

"በፊት።"

አባ ቆይ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "እንግዲያው ከወንበሩ ትነሻለሽ። ጽሑፍሽን ሌላ ሰው ከሥሩ ጀምሮ ይመርምረው። ከተስማማ በራሱ ስም ያቅርበው፣ ካልተስማማም ይጣለው።"

"ካልተጣለ ወንድሜ ያኮርፈኛል። ከተጣለ ደግሞ እኔ እንቅልፍ የለኝም።"

"ታዲያ ለዚህ አይደል ተነሺ የምልሽ?" አላት።

እሑድ እናቷ ቤት ሄደች። ጥጤ ጓሮ ከጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን አፈር በስንጥር ያወጣል። ስለ ጠርሙሱ ስትጠይቀው አልደበቃትም። ፋርማሲስቷ አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ማኅበር ድረስ መጥታ "ምን ይሻላችኋል?" ብላ ጠየቀቻቸው። እሱ ነው "እጃችን ሥራ ላይ ነው የሚውለው፤ ጭቃ ይዤ ፊቴን እንዴት ልቀባ? የሚረጭ ሥሪልን" ያላት። ሠርታም ለጥቂቶቹ "ሞክሩና ንገሩኝ" ብላ ሰጠቻቸው።

"ፈቃድ ሳይወጣለት?" አለች እታለም።

"የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ አልሰማሽም? ደግሞ ማን ጠይቆን ያውቃል? አንድ ሰው ከስንት ዘመን በኋላ ምን ይሻላችኋል ሲለን እምቢ እንበል?"

እናት ከኩሽና ብቅ አለች። "እስቲ ይሄ ናኖ የምትሉት ነገር ምንድን ነው?"

"በጣም በጣም ትንሽ ማለት ነው፣ እማዬ።"

"ታዲያ ትንሽ ነገር ምን ያስፈራል?"

"ትልቁማ በር ላይ ይያዛል" አለች እታለም። "ትንሹ ነው ማንም ሳይጠይቀው ሰተት ብሎ የሚገባ። ቆዳ ግንብ ነው፤ ይሄ ነገር ግንቡ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሳንባ ግን መጋረጃ ነው። ሲረጭ ወደ ውስጥ የሳብነው የት ድረስ እንደሚወርድ፣ እዚያ ሆኖ ምን እንደሚያደርግ ያጠናልን የለም።"

ጥጤ ስንጥሩን ጣለው። "እታለም፣ የእኔ ግንብ እኮ ፈርሷል። አንቺ የምትዪው ሊሆን ይችላል ነው። ፀሐይ ግን ሊሆን ይችላል አይደለችም። የማኅበራችንን ሊቀ መንበር በአንገቱ ላይ በወጣች ቁስል ነው የቀበርነው፤ ሳንባው ደህና ነበር።"

እታለም ቀስ ብላ "ለማንኛውም እኔ ከኮሚቴው ወጥቻለሁ" አለችው።

"ወጥቻለሁ ማለት?"

"ዘመዴ ነህ። አልቀመጥም።"

"ይኸውልሽ እማዬ! ሰው ዘመድ ሲያይ ወንበር ይስብለታል፤ የኔዋ ተነሥታ ትወጣለች።" እየሳቀ ነው ያለው፤ ሳቁ ግን ሳያልቅ ደረቀ። እሷም ምን እንደጻፈች አልነገረችውም። መንገር እንደማይገባት ታውቃለች። ቢሆንም ወደ ቤቷ ስትመለስ የሰረቀች ያህል አንገቷን ደፍታ ነው የሄደችው።

ጉዳዩ የሚታይበት ቀን ደረሰና የስብሰባው አዳራሽ ለፈለገ ሰው ሁሉ ክፍት ሆነ። እታለም መጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጥጤ ሰፊ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ነው። አጠገቡ ፋርማሲስቷ፣ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ።

ሲፈቀድለት ተነሣ። ወረቀት አልያዘም፤ ቢይዝም ለማንበብ አፍንጫው ላይ ማስደገፍ ሊኖርበት ነው። ልጆቹ ግድግዳው መጣ እያሉ እንደሚሸሹት በቀልድ አወራላቸው፤ ሰዎቹ ሳቁ። ስለ ሊቀ መንበራቸው ሲነግራቸው ሳቁ ጠፋ። "እናንተ ሊሆን ስለሚችለው ትጠነቀቃላችሁ፤ ደግ ነው። እኛ ግን የሆነብን ሰዎች ነን" አለ። እታለም ከኋላ ሆና ኮራችበት፤ ቀጥሎ የሚነበበው ትዝ ሲላት ደግሞ ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች።

የሥራ ባልደረባዋ ተነሥቶ ግምገማውን አነበበ። ሁሉን ከሥሩ መርምሮታል፤ በራሱ ቃልም ጽፎታል። እታለም የጻፈቻትን አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን ሳይነካት አልፏል። "ቆዳ እንደ ግንብ ነው፤ ሳንባ ግን እንደ መጋረጃ።"

ጥጤ ቀና አለ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ አዳራሹን ማየት ጀመረ። ዓይኑ ከሁለት ረድፍ በላይ እንደማያደርሰው እሷ ታውቃለች። ያም ሆኖ ረድፍ በረድፍ፣ ጥግ ለጥግ ፈለጋት፤ በመጨረሻም አንዲት የማያውቃት ቀይ ሻርፕ የለበሰች ሴት ላይ ዓይኑን ተክሎ "ሰምቻለሁ" አለ። ሴትዮዋ ግራ ገባት። እታለም እጇን ልታነሣለት ፈልጋ አልቻለችም።

አባ ቆይ ሁኔታውን አይቶ ጥያቄ ጣለ።

"ቆይ፣ የኔ ልጅ። አንተ ይህን ነገር ስትረጭ የት ቆመህ ነው?"

"የዕቃ ክፍል ውስጥ።"

"ጠርሙሱ ላይ ከቤት ውጭ ይረጭ ይላል እኮ።"

"ውጭማ ነፋሱ ይወስደዋል። ለእያንዳንዳችን ያለችን ጠርሙስ አንድ ናት፤ በከንቱ እንዳይሄድብን በር ዘግቼ ነው የምረጨው። ሁላችንም እንደዚያ ነን። ልጆቹንም ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ቤት ውስጥ ነው…"

"የትኞቹ ልጆች?"

"የማኅበራችን ልጆች። ዓይናችሁን ጨፍኑ ብለን ፊታቸው ላይ እንረጭላቸዋለን፤ ደስ ይላቸዋል፣ ይስቃሉ።"

ቃሉን ሳይጨርሰው ምን እንደተናገረ የገባው ይመስላል፤ ባርኔጣውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ፋርማሲስቷ ቀለሟ ተለወጠ። "ለልጆች አልሰጠሁም" አለች፤ ድምጿ ቀጠነ። "ለዐዋቂዎች ነው የሰጠሁት። ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ይሆናል ብዬ ነው ያሰብኩት።"

"ይሆናል ብለሽ" አላት አባ ቆይ፤ በቁጣ አልነበረም። "ሳይፈቀድ ማደልሽንም ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን። ዛሬ የወጡትን ጠርሙሶች ሰብስቢ።"

ኮሚቴው ወጥቶ ተመካከረና ተመለሰ። ውሳኔው አጭር ነው። ቅባቱ ይለፍ፣ የሚረጨው ይቆይ። ቅባቱም ቢሆን ከላዩ ላይ ከዚንኩ ስም ቀጥሎ ናኖ የሚል ቃል ይጻፍበት።

"ጋሼ፣ ያንን ቃል ሲያዩ ሰዎች ይፈሩታል" አለች ፋርማሲስቷ።

"ይፍሩ። ከፈሩ ይጠይቃሉ። ሳይነግሩ ከማስወደድ ነግሮ ማስፈራት ይሻላል።"

ሰው ሲበተን እታለም በሩ ላይ ጠበቀችው። ጥጤ ክንዷን ታክኮ አለፈ። አላየኝም ይሆን ብላ ስሙን ጠራችው፤ ዘወር አላለም።

ኩርፊያው ከረመ። እሑድ እሑድ እሷ ስትመጣ እሱ ችግኝ ጣቢያ የሚጠብቀው ሥራ አይጠፋም። መሃል ላይ እናት ናት። "ጥጤን ቅባቱን ይቀባ እንደሆነ ጠይቂልኝ" እታለም ስትላት፣ "እኔ የስልክ ቀፎ ነኝ እንዴ? አንዳችሁ በዚህ ጆሮዬ፣ አንዳችሁ በዚያ አፌ!" ብላ ትቆጣለች፤ ግን ትጠይቃለች። ይቀባል። ጭቃ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ እያጉረመረመ ይቀባል፤ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ ይረሳዋል። እታለም ያንን የሚረሳበትን ቀን እያሰበች ነው የምትቸገረው። ፀሐይዋ ከፋ ያለች ቀን በቢሮዋ መስኮት አሻግራ እያየች ሥራ ትፈታለች።

አንድ ቀን እናት ስልክ ደውላ ዙሪያ ጥምጥም አላወራችም። "ጥጤ ከጆሮው ጀርባ የሆነ ነገር ወጥቶበት ሊቆረጥለት ነው። አትንገሪያት ብሎኛል። ነግሬሻለሁ።"

ሆስፒታል ስትደርስ ተቆርጦለት ወጥቶ ነበር። በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጆሮው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ተቀምጧል። በእግር አረማመዷ አወቃት።

"ደግሞ ማን አወራልሽ? የስልክ ቀፎዋ?"

"እሷው።" አጠገቡ ተቀመጠች። "ምን አሉህ?"

"በጊዜ ነው የመጣኸው፣ ከሥሩ ወጥቷል አሉ። እየተመላለስክ ትታያለህ ብለዋል።"

አንዲት ነርስ ጋሪ እየገፋች አለፈች። ከዚያ እታለም ሳታስበው እንባዋ መጣ።

"ተይ እንጂ" አለ ጥጤ። "የኔ ቁስል ባለቤት አትሁኚ። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ እንዲህ ያለው ነገር ሥሩን የሚሰደው በልጅነት ፀሐይ ነው አለኝ። ያንቺ ኮሚቴ ሳይወለድ ነው የተተከለው።"

"የሚረጨው ቢኖርህ እኮ ከጆሮህ ጀርባ ይደርስልህ ነበር።"

"ይደርስ ነበር።"

"ሳንባህንም ምንም ሳያደርገው ይችል ነበር። ያንን አላውቅም፣ ጥጤ። ማንም አያውቅም። ምናልባት በከንቱ ነው የከለከልኩህ።"

ፋሻውን በጣቱ እየነካካ ቆየ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትጽፊው እኔ የምጠቀምበት መሆኑን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ጠርሙሱን ስከፍተው አንተን ነው የሸተተኝ።"

"አውቀሽ ጻፍሽ?"

"አውቄ።"

"ጨካኝ!" አለና ሳቀ፤ ጆሮውን ሲያመው አቋረጠው። "እኔስ በማን አንጀት እንዲህ ጠነከረች እያልኩ ስበሳጭ ነው የከረምኩት። ለሌላ ሰው ቢሆን ታልፊው ነበር?"

እታለም ይህንኑ ብዙ ጊዜ ራሷን ጠይቃዋለች። "አላልፈውም። ግን የሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ጊዜ ነበር የማነበው። ያንተ ሳንባ ስለሆነ ስንቴ እንዳነበብኩት እኔም አላውቅም። ማጥበቄ ለእውነት ይሁን ለፍርሃቴ መለየት አልቻልኩም። ለዚህ ነው ወንበሩን የለቀቅኩት።"

"እኔ ደግሞ ልትሸሺኝ መስሎኝ" አለ።

ከዚያ ደግፋው ወጣች፤ ወደ ቤት ሲሄዱ ፀሐይ በማይመታው የመንገዱ ወገን በኩል ሄዱ፤ እናት በሩ ላይ ሆና አብረው ሲመጡ ስታይ "ተመስገን፣ ጆሮዬ አረፈ" አለች።

ፋርማሲስቷም አልተቀመጠችም። የሰበሰበቻቸውን ጠርሙሶች አስወግዳ፣ ከአባ ቆይም ተግሣጿን ተቀብላ፣ ሌላ ነገር ይዛ መጣች፤ እንደ ሻማ የጠጠረ፣ ወፍራም፣ ከማቀፊያው ሳይወጣ ፊት ላይና ከጆሮ ጀርባ የሚፈተግ ቅባት። የያዘው እጅ ቢቆሽሽም ቅባቱን አይነካውም፤ የሚበንም ነገር የለውም። ኮሚቴው ሲያየው እታለም እንደገና ከወንበሯ ተነሥታ ደረጃው ላይ ሄዳ ቆመች። ብዙም አልቆዩም፣ አለፈ። ጥጤ ግን ዝም ብሎ የሚያመሰግን ሰው አይደለም። ቀትር ላይ ይለሰልሳል፣ ኪስ ውስጥ ከተረሳ ሱሪ ያበላሻል እያለ ፋርማሲስቷን መድረሻ አሳጣት።

የሚረጨውን በትንፋሽ በኩል ማስጠናት ለትንሽ ፋብሪካ የሚሞከር ሆኖ አልተገኘም፤ ተተወ። ስለዚህ ጉዳት ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያኔ ሲረጭላቸው ይስቁ የነበሩትን ልጆች ሐኪም በየጊዜው ደረታቸውን እንዲያይ እታለም ከማኅበሩ ጋር ተነጋግራለች፤ እስካሁን ደህና ናቸው። እሷ ግን አንዳቸው ባሳለ ቁጥር ትጨነቃለች። ጥጤ "ልጅ ያስላል፣ እታለም" ይላታል።

ባለፈው ሰሞን ችግኝ ጣቢያው ሄዳ ከጥላው መረብ ሥር ቁጭ ብላ ሳለች፣ አንዲት እናት እንደ ጥጤ ነጭ የሆነች ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች። የገዛችውን ቅባት ከቦርሳዋ አውጥታ በጥርጣሬ ታሳየዋለች።

"እዚህ ጋ ናኖ ይላል። ሰዎች አደገኛ ነው አሉኝ። ልጣለው?"

ጥጤ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አነበበው። "ትንሽ ማለት ነው። ቅቢያት፣ ሳትሳሺ ቅቢያት። ብቻ የሚበን ነገር ሆኖ ከመጣ እንዳትተነፍሰው።"

"ቅባት ደግሞ እንዴት ይተነፈሳል?"

"እሱን ብለን አይደል ከእኅቴ ጋር ተኳርፈን የከረምነው!" አለ ጥጤ፣ በአገጩ ወደ እታለም እያመለከተ። "ሂጂ እሷን ጠይቂያት። ስታስረዳሽ ግን ቁጭ በዪ፤ ቶሎ አትጨርስም።"

እታለም አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት። ሴትዮዋም ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የጠየቀችው ብዙ ነገር ነበር፤ አንዳንዱን እታለም መለሰች፣ አንዳንዱን አላውቅም አለቻት። ስትሄድ ከቅባቱ ሌላ ሁለት የሎሚ ችግኝ ይዛ ሄደች።